ልዩ ቅብ

ጀልባ ቀቢው እንየው፣ ከወደቡ ጀርባ፣
በጨርቅ ጠቅልሎ አንድ ጉድ ይዞ ገባ።
«ልዩ ቅብ ነው» አለኝ፣ «አምሳ ብቻ የወጣ፤
ወርቅ ለባሽ ጦረኛ፣ ዳግም የማይመጣ።»

አረንጓዴው አለኝ፤ ጥቁሩም፣ ነጩም አለኝ፤
«አንድ አሻንጉሊት አይደሉ?» ብላ እህቴ ብትስቅብኝ፣
ወርቁ ግን አላስቻለኝ፤
ቆጥሬ ሰጠሁት፣ የባጃጅ እንኳ ሳይቀረኝ።

ሐምሌ ላይ የጣና እርጥበት በመስኮቴ ገብቶ፣
ከትከሻው ላይ ወርቁ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ፣
ከሥሩ አረንጓዴ።
አውራ ጣቱም ላይ የጥርስ ምልክት፦
የኔው ጥርስ፣ በልጅነቴ የነከስኩት፣
አምና ለራሱ ለእንየው በመቶ ብር የሸጥኩት!

ልጣላው ወደቡ ወረድኩ፤ ጣቶቹ ዛሬም ወርቅ ናቸው።
«አርባ ዘጠኙንስ» አልኩት፣ «መቼ ነው የምታመጣቸው?»