ስንት ቀን ፈጀብሽ?

ሐዋሳ ገበያ፣ ነጋዴው አንሥቶ፣
የቃጫ ቦርሳዋን ጎትቶ፣ አሽትቶ፣
«ሣር ነው» ይል ነበረ፣ ግማሽ ዋጋ ጠርቶ።
ዳንጊሴ ምን ትበል? ጀንበር ጠልቃባታል፤
የባጃጅ ተቀንሶ ለጨው ይበቃታል።

ዘንድሮ ግን፣ ታቦር ተራራ ሥር ካለው
ከማኅበሩ ቤት፣ ደብተር የያዘችው
ልጅ፣ ዋጋ ሳትጠራ፣ ቦርሳውን ገልብጣው፣
«ስንት ቀን ፈጀብሽ?» አለቻት። ይኸው ነው።

ዳንጊሴ ደነቃት። ይህን ማን ጠይቋት!
ጣቷን አጠፍ አጠፍ፣ ቁጥሩ እየጠፋባት፦
«ሁለት ቀን መፋቂያ፣ ሦስት ቀን ማድረቂያ፣
አንድ ማቅለሚያ፣ አምስት... የለም፣ ስድስት መጎንጎኛ፤
ዝናብ የበላውስ፣ ያም ቀን ይቆጠራል?
የእኔ ነው የእግዜር?»
«እማማ፣ ይጻፋል።»

ያን ሌሊት አልተኛች። ብሩ ተቋጥሯል፤
የሃያ ዓመት ቦርሳ ከፊቷ ተደርድሯል፤
ቀኑን ትቆጥራለች፤
ጣት አልበቃ ብሏል።