ሐሙስ፣ አሥር ደቂቃ

ቱርኩ ላይ ኅዳር ነው፤ ገና በአሥር ሰዓት ጨልሟል፤
ከመስኮቱ ሥር ወንዙ፣ በረዶ ሊሆን ዳር ዳር ብሏል።
ስሙ አውራ ነው፣ ግን አያወራም፤
ኪርሲም ሥራ ስትይዝ ማንንም አትጠራም።

ሦስት ማከማቻ አላት፣ ሦስት በር፣ ሦስት ቁልፍ፦
ትኬት የሚቆርጠው፣ መርሐ ጉዞ የሚጽፍ፣
ሌሊት ወደብ ላይ ገመድ ያዡን የሚቀሰቅስ ከእንቅልፍ።
የአንድ ድርጅት ልጆች ናቸው፣ ግን አይተዋወቁም፤
አንዱ ሲታረም ሌሎቹ ዓመት ሙሉ አያውቁም።
ጉልቻ ቢለዋወጥ… ለሚለኝ ሰው መልስ አላጣም፤
ለአንድ ወጥ ሦስት ድስት መጣድ ግን ከቶ አያዋጣም።

ባዶ አቃፊ ከፈተች።
ከሥሩ አንድ ፋይል፤ ስም፤ ቀጥሎም «የግል» የሚል ቃል፤
ይህ ቤት ለገበያ አይወጣም ማለት ይሆናል።
ከዚያ ያች አጭር መስመር፣ ጫፏ ላይ አንዲት ኮከብ፣
«እዚህ ያደረ ሁሉ ልጄ ነው» የምትል ኮከብ።

ትኬት ገባ። መርሐ ጉዞ ገባ።
ወደብ እያጉረመረመ ገባ።
«ጫን» አለችው። ጥቁሩ መስኮት ብዙ አሰበ፤
ሰባት መቶ እንግዳ አንድ ሳሎን ተሰበሰበ፤
ማን ከማን ጋር እንደመጣ መቆለፊያው ፋይል መዘገበ።

ወደብ ወደቀ። ቀይ ጽሑፍ።
ስሙን ሳያስጽፍ በሌላ እንግዳ ስም ሲበላ የኖረ
አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ አዲሱ ቤት ጥብቅ ነው፣ በር ላይ አስቀረ።
«ጥገኛ ከሆንክ ጥገኛ ነኝ በል» ብላ መስመር ጨመረች፤
የሐሙስ የአተር ሾርባዋን ሳትቀምሰው ገፋ አደረገች።

ቀጥሎ አራተኛው ጥቅል፤ ስሙ «ቀን»፣ እትሙ ዜሮ ነጥብ አንድ፤
ሦስቱም ቤት ቀን የሚቆጥሩት በአንድ ሰው መንገድ፤
ዮርማ ነው የጻፈው፣ ሦስት ቦታ የገለበጠ፣
ሥራውን ለቆ ባሕር ዳር የተቀመጠ።
ጎን ለጎን አስተኛቻቸው። ሁለቱ መንታ።
ሦስተኛው ላይ ግን አንዲት መስመር፦
«ሊልሸር። ሐሙስ። አሥር ደቂቃ ቆይ። አትንካ።»

ደወለች። ዮርማ ዝም አለ፤ ከጀርባው ባሕር ይሰማል።
«ጉንቮር ናት» አለ። «ኩላሊቷ… ሐሙስ ሐሙስ ሆስፒታል፤
አውቶቡሱ ዘግይቶ ነበር የሚያደርሳት ከወደቡ፤
ካፒቴኖቹም ይቆማሉ፣ ሳይነገራቸው ሰበቡ።»
«አሁንስ?»
«አረፈች። ስድስት ዓመቷ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ጀልባው ለሞተች ሴት ቆሟል!
ጠቋሚው መስመሩ ጫፍ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል፤
አንድ ጣት ይበቃዋል።

ትኬትና ወደብ አሁን አንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤
በዚያች አሥር ደቂቃ ማን እንደሚሳፈር ጠየቀቻቸው።
ዘጠኝ ሰው። ዋና ሲለማመዱ የሚያመሹ አምስት ልጆች፣
አንድ አናጢ፣ ሁለት የሆቴል ጽዳት ሠራተኞች፣
አንድ ሁልጊዜ ሮጦ የሚደርስ ሰው።
የጉንቮርን ስም አልሰሙም፤ ያለ ፊርማ፣ ያለ ቃል
ማታቸውን በእሷ ደቂቃ ላይ ሠርተዋል።

ሌላ ባዶ አቃፊ። ስም? ብሎ ጠየቃት።
«ቆይታ።»
ደራሲ? «ዮርማ።»
መግለጫ?
እዚህ ላይ ራሷም ቆየች። ከዚያ «ለጉንቮር፣
ከእሷም በኋላ ለሚመጡ» ብላ፣
ወደብ ጥገኛዎች መሐል በስሙ አስገባችው።

ሾርባው ረግቷል። ፈተናዎቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ይለብሳሉ።
ከወንዙ አፍ የጀልባው ጡሩምባ ገና አልተሰማም።