የማን አፍንጫ ነው

ካቱማሮስ አጎቴ፣ ተቀጥሮ በሰው ጦር ሜዳ፣
ዘጠኝ ክረምት ከርሞ ሲገባ በማለዳ፣
አንድ እግሩን ጥሎ መጣ፤ የተረፈው፣ በጉንጩ ሥር
በምላሱ ሸሽጎ ያሻገረው ወርቅ ነበር።

እንትፍ አለው መዳፉ ላይ፦ ባንድ ፊቱ ንጉሥ፣ ቅጠል የታሰረ በጠጉሩ፣
በሌላው ሠረገላ፣ ሁለት ፈረሶች ሲበሩ፣
ከሥራቸው የተሰካ፣ እንደ አጥር ችካል ፊደል፤
የሚያነበው አልተገኘ፣ ከሳማራ ወንዝ እስከ ገደል።

አለቃችን አባቴን ጠራ፦ «ይህንኑ ቅረጽልኝ፤
ነጋዴው የማላውቀውን ፊት አልቀበልም አለኝ።»
«ማን ይሆን ንጉሡ?»
«እኔ ምኑን አውቃለሁ። ሞቷል ይላሉ፣ ድሮ።»
ወጣ አባቴ፣ ወርቁን በጨርቅ ቋጥሮ።

ሌሊቱን በጮማ መብራት፣ ነሐስ ማኅተም ላይ አጎንብሶ፣
ቅጠሉን ቀረጸ፣ ጠጉሩን ቀረጸ፣ ጢስ ያስነባው ዓይኑን በክንዱ አብሶ፤
አፍንጫው ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመችበት።
ንጉሥ አይቶ አያውቅም። ሲያድግ እያየ የለመደው ፊት
የቪንዱሎስ ነበር፣ የወንድሜ፣ የበኩሩ፣
በረዶው ሲከዳው ወንዝ የዋጠው ከነመንጠቆ ክሩ።

መዶሻው ወረደ። መቆንጠጫውን የያዝኩ እኔ ነኝ።
የመጀመሪያውን እናቴ፣ ገና እንደጋለ፣ ነጠቀችኝ።
«ይህ የማን አፍንጫ ነው?» አለች።
አባቴ ምንም አላለ።
መዳፏን ጨበጠች።
ቆዳዋ ሲጠበስ ሸተተኝ። አልከፈተችም።

የማሳልያ ነጋዴ መዘነው፣ ነከሰው፣ ሳቀ፤
«ይህ ፊደል ነው? ዶሮ የጫረው!» እያለ ተሳለቀ።
ሚዛኑ ግን አልሳቀም።
ወርቅ ማንበብ አያውቅም።

ከእኛ ጎረቤት ቀዳ፤ ከጎረቤት ሌላ ጎሣ፤
አንዱ ፈረስ ጠፋ፤ ነጂውም ተረሳ፤
መንኮራኩሩ ብቻውን ቀረ፣ ጀምበር መስሎ፣
ከተረፈው ፈረስ ሆድ ሥር ተንጠልጥሎ።
እግሮቹም ተለያዩ፣ እንደ ተበተነ እንጨት፤
ማን ይጠይቃል? ሁሉም የቀዳው ከቀዳ ሰው ፊት።

ትናንት ሁለት በሬ ሸጥኩ። አርጅቻለሁ፤ ዓይኔ የአባቴን ዓይን ሆኗል።
የተከፈለኝ ወርቅ ላይ ንጉሥ የለም፤ ቅጠሉ ነጠብጣብ ሆኗል።
በጥፍሬ ዳሰስኩ። ከጠርዙ አጠገብ፣ የገብስ ፍሬ የምታህል ጉብታ፣
መሐሏ ላይ ስንጥቅ፤
ቪንዱሎስ በሰባት ዓመቱ፣ ከፖም ዛፍ ወድቆ የሰበራት ቦታ።

«አርጅቷል፣ ልለውጥልሽ?» አለ ገዢው።
ጨበጥኩት፣ እንደ እናቴ።
እስኪያቃጥለኝ ጠበቅሁ።