ተራ ቁጥር አርባ ሦስት

ቤንዚን የለም አሉ፤ ነገ ይገባል አሉ፤
ትናንትም ነገ ነበር፤ እነሱም የሰሙትን አሉ።
ከማደያው አፍ እስከ አጂፕ መታጠፊያ
ባጃጅ ተኮልኩሏል፣ እንደ ጥንዚዛ ገበያ፤
የኔ አርባ ሦስተኛ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሦስት ጎማ ኖርኩኝ፤
ጡሩምባ እየነፋሁ ጡሩምባ ሰማሁኝ።
ረምላ እንደምትለኝ፣ በእንቅልፌም ጭምር
አውራ ጣቴ ትራስ ሲጫን ነው የሚያድር፤
«ወራጅ አለ?» እላለሁ፤ ማንም ሳይወርድ ይነጋል።

ለሸምሱ ጎሚስታው ቁልፌን ጣልኩለት፦
«ወረፋው ከሄደ ግፋልኝ፤ ካልሄደ ተኛበት።»
እሱም ከዳሱ ጥግ አሮጌ ሳይክል ሳበ፣
ኮርቻዋ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ፣
የኋላ ፍሬኗን ዕድሜ የበላባት።
«ዳገት ላይ አትቆጣት» አለኝ፣
«ቁልቁለት ላይ ዱዓ አድርግ።»

ከቦዬ ማዶ አስፋልቱ ያልቃል፤
ባለቤቱ ሲመጣ እንደሚቋረጥ ሐሜት፣ ድንገት ጸጥ ይላል።
ከዚያ ወዲያ ጠጠር ነው፤ ቀይ አቧራና ጠጠር፣
ጎማ ሲረግጠው እንደ ገብስ ቆሎ የሚሰበር።
ድልድዩን አምና በነሐሴ ጎርፍ ስለወሰደው
ሞተር ያለው ሁሉ ይህን መንገድ ረስቶታል፤
ሁለት ግንድ ተጋድሟል። ሳይክሏን ተሸክሜ
እንደ ሰረቀ ሰው ተሻገርኩ።

ግራ ቀኙ ጨፌ። ፊላው ቁመቴን ይበልጣል።
ደንገሉ ውስጥ አንድ ነገር ከብዶት ይተነፍሳል፤
ጉማሬ ይሁን ውኃው ራሱ፣ ቆሜ አልጠየቅኩም።
ዘውድ የደፉ ሁለት ወፎች መንገዱ ላይ ነበሩ፣
ለዕርቅ እንደተላኩ ሽማግሌዎች
እግራቸው የሚያርፍበትን እየመረጡ።
አውራ ጣቴ ተነሣ፤ ጡሩምባ ፈለገ፤
ያገኘው ላስቲክ ነው።
ወፎቹ ሲጨርሱ አለፍኩ።

ሩዙ ደግሞ!
አባቴ ይህን ቦታ የሚያውቀው ላም የሚውጥ ማጥ ሆኖ ነው፤
ዛሬ ውኃው በካሬ በካሬ ተሰፍሮ፣
ዛላው ማጎንበስ ጀምሮ፣
ሰማዩ ከሥሩ ተነጥፏል።
ስነዳ ደመናው ጎን ለጎኔ አብሮኝ ይሄዳል፤
በዋጋ አይከራከርም፤ «እዚህ ጋ» አይልም።
ጆሮዬ ሥራ ፈታ። የራሴን እስትንፋስ ሰማሁ፤
እንግዳ ሰው መሰለኝ።

ከማማ ላይ አዴ ሹክሪያ የጣሳ ገመድ እየሳቡ
ግሪሳ ያባርራሉ።
«ከየት ነህ?» «ከጅማ።» «በዚህ?» ሳይክሏን አይተው ሳቁ።
«ጸጥታው ደስ አይልም፣ እናቴ?» አልኩኝ፣ ልቤ ሞልቶ።
ገመዱን ለቀቁት። ጣሳው ተንኳኩቶ፣ ተንኳኩቶ፣ ዝም አለ።
«ጸጥታ?» አሉ። «ሐምሌ ላይ ልጄን ምጥ ሲይዛት
በዚያ ግንድ ላይ በቃሬዛ ነው የተሻገረችው፤
አራት ሰው፣ በሌሊት፣ በአንድ ባትሪ።
ድልድዩ ሲሠራ ባጃጅ ይመጣል ይላሉ።
አንተ የከተማ ሰው ነህ፤ ስንት ያስከፍላሉ?»

የምመልሰው ጠፋኝ። ሥራዬንም አልነገርኳቸው።
«ልጅቷስ?» አልኩ።
«ደህና ናት። ልጁም መሳቅ ጀምሯል።»
ገመዳቸውን ያዙ፤ ግሪሳው አልጠበቀንም።

ዳገቱን እየገፋሁ ወጣሁት። ሰንሰለቷ ሦስቴ ወለቀች፤
እጄ ጠቆረ፤ አልተቆጣኋትም።
ቁልቁለቱ ላይ ዱዓ አደረግሁ፦
በፍሬኗ ጀመርኩ፣ በድልድዩ ጨረስኩ፤
«ትንሽ ግን ይዘግይ» ልል ከጅሎኝ
ከአቧራው ጋር ዋጥኩት።

ማታ ሸምሱ ባጃጄ ውስጥ ተኝቷል።
«ሄደ?»
«ሁለት ቦታ።»
አርባ አንደኛ ሆኜ ገባሁ፤ መሪዋን ያዝኩ።
ከኋላዬ አንዱ ጡሩምባውን ነፋ፣ ያለ ምክንያት።
አውራ ጣቴ ሊመልስለት ተነሥቶ፣
እንደዚያች ወፍ እግር፣
የሚያርፍበትን እየመረጠ፣ አየር ላይ ቆየ።