የቴምር ዘር መርከብ

ራስ አል ኸይማ፤ ከዐስር ሶላት ወዲያ፣ ኤሲው እያጓራ፣
ሽማግሌው ዑበይድ ቴምሩን በልቶ፣ ረሃቡ ሲያባራ፣
ዘሩን አይጥለውም፤ ምንጣፉ ላይ አርጎ
አንድ ባንድ ይደረድራል፣ በእጅጌው ጫፍ ጠርጎ።
«ይቺ ጀልባ ናት» ይለኛል፤ «ያቺ መድፍ የጫነች፤
ይቺ የአያቴ አባት ናት፤ ከሁሉ የቀደመች።»

እኔ መጥረጊያ ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤
ማዳም ከእንቅልፏ ሳትነሣ ልጨርስ ነበር፤ እጠብቃለሁ።
ጦር ሜዳ አይጠረግም።

የልጅ ልጁ ሰይፍ የነገረኝ ሌላ ነው፤ ትምህርት ቤት የተማረው፦
የእንግሊዝ መርከብ መጣ፤ ግንቡን በመድፍ ናደው፤
ጀልባውን ሁሉ ከነሸራው ወደቡ ላይ አነደደው፤
ወረቀት ተፈረመ፤ አለቀ።
ዑበይድ ይህን ሲሰማ ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ።
«ያን ቀን ሻማሉ ዞረ» አለ፤ «ማንም አልጻፈውም እንጂ ዞረ፤
የለኮሱት እሳት ተመልሶ በራሳቸው ሸራ አደረ፤
እኛም ያኔ መልሕቅ ነቀልን።»

«ስንት ወር ሄዳችሁ?» እለዋለሁ፣ ሶፋውን እየወለወልኩ።
«ዘጠኝ» ይላል። ትናንት ሰባት ነበር።
ሁለት ወር ምን አላት፤ ደሞዜም ሁለት ወር ዘግይቷል፤ ተቀበልኩ።

ዘንዚባርን አልፈው፣ የአፍሪካን ጫፍ ዞረው፣
ጨው ጢማቸው ላይ እንደ ውርጭ ተጋግሮ፣ ጣታቸውን ብርድ ቆርጥሞት አድረው፣
አንድ ማለዳ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ቴምዝ አፉን ሲፈታ
መቶ ሃያ ጀልባ ገባ፤ ለንደን ከአልጋው ሳይወርድ ተረታ።
ንጉሣቸው በሌሊት ልብሱ ቁልፍ ይዞ ወረደ።
«አልነካነውም» ይላል፤ «ቴምር ሰጠነው፤
ከነዘሩ ዋጠው፤ ምስኪን፣ አልለመደ።»
ድልድያቸው ላይ ዕንቁ ተመዘነ፣ መረብ ተሰጣ፤
በዝናባቸው መሐል አዛን ወጣ።

አንድ ማክሰኞ ግን ጠየቅኩት፣ ስቆርጥለት የእግሩን ጥፍር፦
«ሻይባ፣ ለንደን ከገባችሁ ወዲያ ልብሱን ማን ያጥብ ነበር?»

ዝም አለ። መቀሱ ብቻ ቀጨም ቀጨም።
«የነሱ ሴቶች» አለ። «በመርከብ መጡ፤ ጠቃጠቆ ፊት፤
ለሁለት ለሁለት ዓመት፤ ፓስፖርቱ በመሳቢያ፣ ቁልፉ በእናቴ አንገት።»

ከዚያ ቀን ወዲህ አንዲት ልጅ ትመጣብኛለች፤
ከዶቨር ናት፤ ከኩሽናው ጀርባ፣ የፍራሼ ጫፍ ላይ ትተኛለች።
እንግዳወርቅ ረዝሞባቸው እኔን «ወርዳ» እንዳሉኝ፣
ዊኒፍሬድን «ፈሪዳ» ብለዋታል፤ እሷ ናት የነገረችኝ።
አርብ አርብ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ
ለናቷ «ወፍሬያለሁ» ትላለች፤ ቀሚሷ በጎን በጎኗ ሰፋ።
እሷ ስለ ነጭ ገደል ታወራለች፣ እኔ ስለ ከሚሴ ጭቃ፤
ማን እንዳሸነፈ አንጠያየቅም፤
እንተኛለን፣ ሕፃኑ ለወተት ሳይነቃ።

ትናንት ዑበይድ ተጨነቀ፤ አንድ ጀልባ ጎደለው።
ምንጣፍ ገለጥን፣ ሶፋ አነሣን፤
የኤሌክትሪክ መጥረጊያው ሆድ ውስጥ ነው፤
አውቄያለሁ፤ ማን አፍ አለው።
«ሸራው ምን ቀለም ነበር?» አልኩት። «ቀይ» አለ፣ አገጩ እየተንቀጠቀጠ።
«ኖኸዳውስ ማን ነበር?»
አየኝ። እንደማያውቀኝ አየኝ፤ ዓይኑ ፊቴ ላይ ተቀመጠ።
«አንቺ ነበርሽ እንጂ» አለ። «ጀልባዬን የት ተውሽው?»

የሽርጤን ኪስ ፈተሽኩ። አንድ ዘር ነበር፤
ጠዋት ዕቃ ስደርድር የሰረቅኩት ቴምር።
ምንጣፉ ጠርዝ ላይ፣ ከሌሎቹ ራቅ አድርጌ አኖርኩት።
እሱ ተረጋጋ፤ «ሰባት ወር» አለ፤ እንቅልፍ ወሰደው።
አፍንጫውን ወዴት እንዳዞርኩት
ለፈሪዳም አልነገርኳት።