ያላለቀች ፊደል

ኮምቦልቻ ላቫጆ፣ ከቦርከና ማዶ፣
የሐረጎ ጭቃ ከጎማዬ ወርዶ፣
«ላስቲክ ወይ ሴራሚክ፣ ምረጥ» አለኝ ይመር፣
እጁን በሱሪው ላይ ጠራርጎ ሲጀምር።

«ሲኖትራክ ከፊትህ ጠጠር ሲልክልህ፣
ላስቲክ ነው ዱላውን ቀድሞ ሚቀበልህ።
ሴራሚክ ጌጠኛ፣ ውኃ አያስጠጋ፤
ማብራት ነው ሙያው፣ ድንጋይ አይዋጋ።
ሴራሚክ ከሆነ፣ ጭረቱን ደምስሼ፣
አስረክብሃለሁ መስታወት አልብሼ።»

ልቤም ወደ መስታወቱ ዘመመ።

ግን ጭረት ያለ ጊዜ፣ እሺ አፌ ላይ ቆየ፤
ከመያዣው ግርጌ አንዲት ፊደል ታየ።
ጦይባ ናት፤ በምስማር፣ ስሜን ልጻፍ ብላ፣
«ጦ»ን ስትጨርስ ጮህኩባት ከኋላ።

አልቀጠለችውም። አምና ዳርናት።

«ላስቲክ» አልኩት ይመርን፤
«በፊደሏም ላይ ሳብ፣ አየር እንዳይገባት።»