ርክክብ

ከጣርማበር ዋሻ ወርዶ ለሚመጣ፣
ከጉሙ ውስጥ ድንገት መብራቱ ሲወጣ፣
ደብረ ሲና አፋፍ፣ ከቆሎ ሻጮቹ ጥቂት ከፍ ብሎ፣
አንድ ማደያ አለ፣ ጀርባው ገደል ይዞ፣ ፊቱ አስፋልት ላይ ውሎ።
ምሰሶውን የቀባሁት እኔ ነኝ።
አምስት ጊዜ።

መጀመሪያ መልህቅ፤ ሰማያዊ፣ በነጭ ላይ፤
መርከብ በማይደርስበት፣ ደመና ከእግር በታች በሚታይ
ተራራ ላይ።
«ይህ ዶማ ነው?» አለኝ አንድ የመንዝ ገበሬ፣
በርኖሱን ደርቦ፣ እየነዳ በሬ።
«ባለቤቱ» አልኩት «ባሕር ማዶ ነው ያለው፤
ዶማም ቢሆን እንኳ፣ ሌላ አገር ነው የሚቆፍረው።»

ሁለተኛው ኮከብ። መልህቁን ኮከቡ ገዛው አሉ፤
የት እንደ ተገናኙ፣ ስንት እንደ ተባባሉ፣
ጣርማበር አልሰማ።
ኩባንያ ኩባንያን ሲውጥ ድምፅ የለው፤
ጅብ እንኳ ሲበላ፣ አጥንቱ ይሰማል ሲሰብረው።
ለእኛ የደረሰን ሁለት ጣሳ ቀለም፣
አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ ከግርጌው ማኅተም።
ጥላዬ ቀጂው ጮክ ብሎ አነበበ፦

ፓምፕ፣ ሁለት።
የመሬት ውስጥ ታንከር፣ አንድ።
ጄኔሬተር፣ አንድ፣ የማይሠራ።
በርሜል፣ ሦስት።
ቀጂ፣ አንድ።

ሣቀና «ከበርሜል ቀጥሎም ቢሆን፣ ተቆጥሬ አለሁ» አለ፤
አዲሱን ቆብ አጠለቀ፣ አሮጌውን ሣጥኑ ውስጥ ጣለ።

ሦስተኛው ፀሐይ ነበር፤ ኮከቡን በአንድ ሌሊት ዋጠው።
አራተኛው ንሥር፤ ፀሐዩን ከመቶ ስድሳ እጁን ገዝቶ ወሰደው፣
አርባውን ማን እንደ ያዘው እስከ ዛሬ አልገባኝም።
አምስተኛው ምንም አይደለም። ክብ ነው። አረንጓዴ ክብ።
ናፍጣው ግን ያው ናፍጣ፣ ሽታው ያው፤
ጥላዬም ያው፣ ቆቡ ነው የሚቀያየረው።

ስድሳ ሲሞላው ደብረ ብርሃን ወጣ፣ ጡረታ ሊጠይቅ፤
አምስቱን ቆብ በፌስታል ይዞ፣ ከመዝገብ ቤቱ ደጅ ሲጠብቅ ሲጠብቅ፣
ወይዘሮ ውዳላት መነጽሯን አውልቃ፦
«የቀጠረህ ማነው?»
«መልህቁ።»
«ፈርሷል።»
«እንግዲያው ኮከቡ።»
«ተሸጧል። የገዛው ደግሞ ንብረቱን እንጂ ዕዳውን አልገዛም።»
«እኔ የትኛው ነኝ?»
ዝም አለች። ወረቀት ገለጠች። እንደ ገና ገለጠች።
«በርሜሎቹ ተላልፈዋል» አለች፣ «ሦስቱም አሉ።
ቀጂ የሚለው ግን ከሦስተኛው ርክክብ ወዲህ የለም።
ሲገለበጥ፣ ይመስለኛል፣
ቀጂው ሳይቀዳ ቀረ።»

ማታ በጉም ቤቴ መጣ። ቁጭ ሳይል፣
«መቼም ፍቀህ ነው የምትቀባው?» አለኝ።
አሁን ልናገር፤ ተናግሬ አላውቅም።
ውሉ «እስከ ብረቱ ተፍቆ ይቀባ» ይላል፤
እኔ ሳልፍቅ ቀባሁት፣
የመፋቂያውን ሒሳብ በላሁት፣
አምስቱንም ጊዜ።
ከልጆቼ አንዱ በዚያ ብር ነው ዘጠነኛ ክፍል የገባው።

ፋኖስ ይዘን ሄድን። ከምሰሶው ጀርባ በቢላ አነሣሁለት፤
የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቅርፊት።
ጎኗን ወደ መብራቱ ስናዞረው፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣
ከሁሉ ሥር ሰማያዊ፣ እንደ ቀጭን ክር።
«ይኸው ዕድሜዬ» አለ።
ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተታት፣ ደረት ኪሱ አኖራት፤
ማልዶ ተሳፈረ። ምን እንዳሏት አላውቅም፣ አልተመለሰም ካየኋት።

ትናንት ስድስተኛው ጣሳ መጣ።
ደብዳቤውም፦ ፓምፕ አራት፣ ታንከር ሁለት፣ በርሜል ሦስት።
ከጣሳው ጋር ግን ዘንድሮ ተቆጣጣሪ ልከዋል፤ ወንበር አውጥቶ
አጠገቤ ተቀምጧል፣ መፋቂያዬን እያየ፣ እግሩን አነባብሮ።
አረንጓዴው ረገፈ። ቀዩ። ቢጫው። ጥቁሩ።
ሰማያዊው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

በዚያች ቅጽበት፣ ከጉሙ ወስጥ፣ አንድ ሚኒባስ ቁልቁል መጣ፣
ምልክቱ ይኑር አይኑር ያላየች ሴት ከኋላ ወንበር ድምፅ አወጣች፦
«ወራጅ አለ!
መልህቁ ጋ!»